ከአማቾቼ ጋር ልከራከር ወይስ ዝም ልበል?

ጥያቄ፦ አባ፣ እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ ናት። በዓል በመጣ ቁጥር ከወንድሞቿ ጋር በሃይማኖት እንከራከራለን፣ መጨረሻው ኩርፊያ ነው። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ሚሲዮናዊ ስለነበሩ፣ እሳቸውን መምሰል ማለት ዝም አለማለት ይመስለኛል። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅዱሱን መውደድህ ደስ ብሎኛል። ግን ሕይወታቸውን ረጋ ብለህ ብታየው፣ ሰው በክርክር ለመርታት የሚሮጥ አባት አታገኝም።

የተወለዱት በ1800 ጣልያን ውስጥ፣ ሳን ፌሌ በምትባል ከተማ ነው (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው)። ላዛሪስት የሚባለው የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ማኅበር ካህን ሆነው በ1839 ዓድዋ ሲገቡ ሰው በጥርጣሬ ነበር ያያቸው። ፈረንጅ ናቸው፣ ለዚያውም ካቶሊክ። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በአዋጅ ሊያስገቡ ሞክረው ስንት ደም እንደፈሰሰ ሕዝቡ አልረሳም። ታዲያ አቡነ ያዕቆብ (አገሬው ያወጣላቸው ስም ነው) ምን አደረጉ? ቋንቋውን ተማሩ። እንደ አገሬው መነኩሴ ለበሱ፣ ሕዝቡ የሚበላውን በሉ፣ የግዕዙን ሥርዓት አከበሩ።

በ1841 የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞች ሲልኩ አብረው እንዲሄዱ ጠየቋቸው። እሳቸውም ሄዱ፤ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ለማምጣት ማለት ነው! ከመልእክተኞቹ አንዱ የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። ካይሮ፣ ከዚያም ሮም አብረው ደረሱ፤ በመንገዱ ሁሉ ሊቁ የእኚህን ፈረንጅ ትዕግሥትና ጸሎት ያያሉ። ካቶሊክ የሆኑት ግን በ1844 ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ማንም አላጣደፋቸውም፣ እኔ ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። በኋላም በ1855 ለዚሁ እምነት በሰንሰለት እንደታሰሩ አረፉ።

ይህ ማለት ግን እምነትህን ደብቅ ማለት አይደለም። አቡነ ያዕቆብ ራሳቸው በ1854 ጎንደር ታስረዋል፣ ካቶሊክ መሆናቸውንም አልካዱም። በ1860 በትኩሳት ታመው መንገድ ላይ አረፉ፣ መቃብራቸው ኤርትራ ውስጥ ሄቦ ነው።

አንተስ ምን ታድርግ? በጾም ወቅት ከነሱ ጋር ጹም። ለቅሶ ሲኖርባቸው ቀድመህ ድረስ። ዶሮ ወጡ ቀርቦ ክርክር ሲነሳ "ይህን ሌላ ቀን ቁጭ ብለን እናውራው" በልና ወሬ ቀይር። ከልባቸው ሊያውቁ ፈልገው ለብቻህ ሲጠይቁህ ግን ሳታፍር፣ ሳታድበሰብስ ንገራቸው፤ የማታውቀውን "ጠይቄ እመለሳለሁ" በላቸው፣ ወደ እኔም ና። ደግሞ በኩርፊያው መሃል የምትጎዳው ባለቤትህ ናትና ለወንድሞቿ ዛሬውኑ ደውል፣ ቀጣዩን በዓል አትጠብቅ።