ለፍኖተ ሰላሙ ወንድሜ፦ ጫጩቶችህን የላጣቸው ፈንጣጣ ሳይሆን አምፖሉ ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁትና እንቅልፍ አጣሁ። የራሴን ጉድ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። ያልከው ይሄ ነው፦ 100 የአንድ ቀን ጫጩት አምጥተህ በቀይ አምፖል እያሞቅክ ነው፣ በ9ኛው ቀን የአንዳንዶቹ ጀርባ ተላጦ ቀላ፣ አረፋ የያዘም አለ፣ ውስጥ እግራቸው ጠቆረ፣ «ፈንጣጣ ነው፣ ክትባት ግዛ» ተባልክ። ክትባቱን ለመግዛት አትሩጥ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በታኅሣሥ 120 ጫጩት አምጥቼ በሁለት ሳምንት ውስጥ 43ቱን ቀብሬአለሁ። ዘንድሮ ከ150 የሞቱብኝ 4 ናቸው፤ ከአራቱም አንዷን ድመት ናት የበላቻት። በመሀል ምን እንደተማርኩ ልንገርህ። ስለ መኖና ስለ ፈንግል ክትባት አንተም ታውቃለህ፣ አልደግመውም።

1. ፈንጣጣና ቃጠሎ ቦታቸው ይለያያል። የዶሮ ፈንጣጣ ላባ የሌለበትን ነው የሚፈልገው፤ ኩክኒ፣ የዓይን ዙሪያ፣ የአፍ ዳር፣ አንዳንዴም እግር። እንደ ኪንታሮት ያብጥና ጠቁሮ ቅርፊት ይሠራል። ትንኝ ነው የሚያዛምተው፣ በቁስልም ይገባል፣ አካሄዱም ቀስ ያለ ነው። ቃጠሎ ግን ወደ አምፖሉ የዞረውን ብቻ ይመታል፦ ጀርባ፣ አናት፣ የክንፍ ትከሻ። ሆዳቸውን ገልብጠህ እይ፤ ሆዱ ደህና ሆኖ ጀርባው ብቻ ከተላጠ መጀመሪያ አምፖሉን ጠርጥር።

ይህንን ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ! ሦስቱን ጫጩት በጫማ ካርቶን አድርጌ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩ። ዓርብ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ በካርቶኑ አፍ አየት አድርጎ «ፈንጣጣ ነው» አለኝ። በእጁ እንኳ አላነሳቸውም። «ምናልባት ሙቀቱ በዝቶባቸው ይሆን?» ብዬ ብጠይቀው «ሐኪሙ አንቺ ነሽ እኔ?» ብሎ ቁልፉን አንሥቶ ተነሣ። ሰኞ ነይ፣ ካርድ አውጪ፣ ክትባቱን ከውጭ ግዢ። እኔም አምኜ ገዛሁ። ክትባቱ ይደረጋል ወይ፣ ላልታመመ ነው ወይስ ለታመመ፣ ማን ይጠይቃል? በሦስቱ ቀን አምፖሉ እዚያው እየጠበሳቸው ነበር። ከ43ቱ 19ኙ የሞቱት ከዓርብ እስከ ሰኞ ነው። እስካሁን በዚያ ክሊኒክ በር ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

2. ቴርሞሜትሩን የት ነው የሰቀልከው? ግድግዳ ላይ ነው ብዬ እምላለሁ። እኔም ግድግዳ ላይ ነበር፣ ቁመቴን ያህል ከፍ አድርጌ፣ ለማየት እንዲመቸኝ። የመጀመሪያ ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያስፈልጋል መባሉን ሰምቻለሁ፤ የእኔ ግድግዳ 21 ይላል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ በታኅሣሥ ሌሊት ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ፍኖተ ሰላም ሞቅ ትላለች ትለኝ ይሆናል፣ ሌሊት ሌሊት ያው ነው። እናም 21 ባየሁ ቁጥር አምፖሉን ዝቅ። አሁንም 22፤ አሁንም ዝቅ። 250 ዋት ቀይ አምፖል ከሰጋቱራው ሁለት ስንዝር እስኪቀረው አወረድኩት። ግድግዳው እንደሆነ 23 ላይ ቆሞ ቀረ። ቤቱን ሙሉ ላሞቅ ፈልጌ ጫጩቶቹን ጠበስኳቸው።

ያወጡኝ የማርያም ማኅበራችን ላይ ያሉ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ጠበል ጠዲቁ ላይ ሳለቅስ አይተውኝ እቤት ድረስ መጡ። ተንበረከኩና እጄን ይዘው መዳፌን ከአምፖሉ ሥር፣ በጫጩቷ ጀርባ ልክ አስቀመጡት። «በይ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ» አሉኝ። «ትምጻእ መንግሥትከ» ላይ ስደርስ እጄን መንጭቄ አወጣሁ። ከዚያ ቴርሞሜትሩን ከግድግዳ አውርደው እዚያው ሰጋቱራው ላይ አጋደሙት። ቀዩ መስመር ዓይናችን እያየ ወጣ፣ ወጣ፣ መጨረሻው 50 ላይ ደርሶ ሌላ መሄጃ አጣ። ምንም አላሉኝም። ነጠላቸውን አስተካከሉና «አምፖሉን አንድ ክንድ ከስንዝር አድርጊው» ብቻ አሉ።

ስለዚህ ቴርሞሜትሩን በጫጩቷ ጀርባ ቁመት፣ በአምፖሉ ብርሃን ዳር አስቀምጠው። አምፖሉን 60 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ሰቅለህ ጀምር፣ ከዚያ እያየህ ከፍና ዝቅ። በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ ትቀንሳለህ፣ ያውም አምፖሉን ከፍ በማድረግ። ቴርሞሜትር ባይኖርህ እነሱ ራሳቸው ይነግሩሃል፦ ከአምፖሉ ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ዳር ዳሩን ይዘው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩና ክንፋቸውን ከዘረጉ ሞቋቸዋል፤ ሁሉም በአንድ ጥግ ከታጨቁ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ እንደ ተዘራ ጤፍ ተበትነው ከተኙ አንተም ተኛ።

3. ሰው ሁሉ «ከሞቃቸው ለምን አይሸሹም?» ይላል። የት ይሽሹ? እኔ በላሜራ የሠራሁት ክብ ጠባብ ነበር፣ ሙቀቱ እንዳይባክን ብዬ። አምፖሉ ክቡን በሙሉ ነበር የሚያበራው። መሸሻ ቀዝቃዛ ዳር ይኑራቸው፤ ግማሹ ሞቃት፣ ግማሹ ለዘብ ያለ። ደግሞ ጫጩት ሲተኛ እንደ ድንጋይ ነው፣ ከኋላ ያለው ሲገፋው መሀል ይገባና እዚያው ይቀራል። ሌላው ገመዱ ነው። እኔ በማዳበሪያ ኬሻ ክር አስሬው ነበር። ያ ክር ላስቲክ አይደል፣ በሙቀት እየላላ እየተሳበ ማታ ሁለት ስንዝር ላይ የተውኩት አምፖል ጠዋት አንድ ስንዝር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። በሰንሰለት ወይም በሽቦ እሰር፣ ያውም በሁለት ቦታ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። ሰጋቱራ ላይ ከወደቀ ጫጩት ብቻ አይደለም የምታጣው፣ ቤትህም ይሄዳል። ከአምፖሉ ዙሪያ የዶሮ ሽቦ ቅርጫት አድርግለት። በእርጥብ እጅ አትንካው፤ አንዴ መጠጫ ሳነሣ ጠብታ ደርሶት እንደ ጥይት ጮሆ ፈነዳ፣ ስባሪውን ከሰጋቱራ ስለቅም ዋልኩ። ከቻልክ ሁለት አምፖል አድርግ። አንዱ ቢቃጠል ሌላው አለ፣ አንዱን መሬት ድረስ የማውረድ ፈተናም አይመጣብህም።

ስንተኛ ላይ ነኝ? ይሁን። ውስጥ እግራቸው ጠቆረ ያልከው የአምፖል ሥራ አይደለም፣ የእርጥብ ጉዝጓዝ ነው። ኩስ ከውሃ ጋር ሲላወስ የሚወጣው ዓይን የሚያቃጥል ሽታ አሞኒያ ነው፤ እሱና እርጥበቱ ተጋግዘው ውስጥ እግራቸውንና ቋንጃቸውን ያቆስላሉ። አንተ ቆመህ አይሸትህም፣ ተንበርክከህ አፍንጫህን በእነሱ ቁመት አድርገህ ሳብ። ዓይንህ ካለቀሰ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ጉዝጓዙን በጭብጥህ ጨምቀው፤ እንደ ሊጥ ከያዘ እርጥብ ነው፣ ከፈረሰ ደህና ነው። እኔ የጤፍ ጭድ ነበር የማነጥፈው፣ በነጻ ስለማገኘው። እርጥበት ሲያገኝ ተጋግሮ እንደ ምንጣፍ ሆነና ከሥሩ ሻገተ። የእንጨት ፍቅፋቂ ካገኘህ እሱን፣ ደቃቅ ሰጋቱራ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን እንዳይበሉት ሸካራ ካርቶን አልብሰው። ጋዜጣ አይሆንም፣ ያንሸራትታቸውና እግራቸው ይከፈታል። መጠጫውን በጡብ ላይ አድርገህ በጀርባቸው ልክ ከፍ ካደረግከው ግማሹ ችግር ያልቃል። የረጠበውን በየቀኑ እያፈስክ በደረቅ ተካ።

አሁን የተቃጠሉትን ምን ታደርጋለህ? ለያቸው። ዛሬ፣ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ። ጫጩት ቀይ ነገር ካየ መንቆር ነው፣ ቁስሉን እየነቆሩ በቁሟ ይበሏታል። እኔ አማቴ «ቅቤ ቀቢው» ብለውኝ ቀባሁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ቅቤው ሰጋቱራውን ሰብስቦ ለጠፈበት፣ ሙቀቱንም ያዘው፣ በነጋታው ባሰ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚሉህም ይኖራሉ፣ እንዳትሰማቸው። ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ትንሽ ጨው ጨምረህ በጥጥ ቀስ ብለህ እጠብ፣ አድርቀህ ጂቪ (ጄንሺያን ቫዮሌት) ቀባው። ያ ሐምራዊው መድኃኒት በየፋርማሲው አለ፤ ጀርም ይከላከላል፣ ቀዩንም ቀለም ይሸፍነዋል። አረፋውን አታፍርጠው። ዝንብ እንዳያርፍበት ተጠንቀቅ፣ ትል ይጥልበታል። ሥጋዋ እስኪታይ የቆሰለችና መኖ የማትቀምስ ጫጩት ግን አታሰቃያት፣ ቶሎ ገላግላት። ውሃቸው ላይ አንቲባዮቲክ የሚበጠብጥ ሰው አለ፣ ሐኪም ሳያይና ሳያዝ አታድርገው፤ እኔ በዚያም ገንዘብ አባክኛለሁ። ሙቀት የመታት ጫጩት መውጫዋ ላይ ኩስ ተለጥፎ ታገኛለህ፤ በለብ ውሃ አርሰህ ነው የምታነሣው፣ ከጎተትከው ቆዳዋ አብሮ ይመጣል።

መብራት ሲጠፋ ምን ልሁን ትለኛለህ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንደሚጠፋ መቼም ሳትነግረኝ አውቃለሁ። ከሰል ከሆነ ከአዊ የሚመጣው የዲከረንስ ዛፍ ከሰል አለልህ፣ ግን ውጭ አቀጣጥለህ ጭሱ ካለቀ በኋላ አስገባ፣ ፍሙን አመድ አልብሰው፣ ምድጃውን አንድ ክንድ ርቀት በሽቦ አጥረህ ከበው። መስኮት ገርበብ ይበል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ጫጩት ቀርቶ ሰውንም ይዞ ይሄዳል፤ አብረህ እዚያ ክፍል እንዳትተኛ።

እኔ ዘንድሮ ለ50ዎቹ ሀይቦክስ ሠርቼላቸዋለሁ፣ በገዛ እጄ፣ ባለቤቴ ሚስማር እያቀበለኝ። መሀሉ ላይ ጫጩቶቹ የሚያድሩበት ሳጥን፣ ዙሪያውን በደንብ የተጠቀጠቀ ደረቅ ጭድ፣ ከላይ ጭድ የተሞላ የኬሻ ትራስ፣ አየር መግቢያ ቀዳዳ፣ ከፊቱ ቀን የሚውሉበት በሽቦ የታጠረ ግቢ። መብራት የለ፣ ከሰል የለ፣ በራሳቸው ገላ ሙቀት ነው የሚያድሩት። ከዚያ ቡድን አንዲትም የተቃጠለች የለችም፣ በምን ትቃጠላለች? ብዛቱ ከ50 በታች በጣም ከወረደ ግን ሙቀቱ አይበቃቸውም፣ ጭዱንም ከረጠበ ቶሎ መቀየር ነው።

ያ «ሐኪሙ አንቺ ነሽ እኔ» ያለኝ ሰውዬ ለፋሲካ ቄብ ሊገዛ እኛ ቤት መጣ። አላወቀኝም። በሙሉ ዋጋ ሸጥኩለት፣ ካርቶኑንም አስከፈልኩት።

የጠየቅኸኝን የመጨረሻውን ረስቼ ነበር፦ ላባው ይመለሳል ወይ? ቆዳው ላይ ላይ ብቻ ከተላጠ ይመለሳል። ጥልቅ ከሆነ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ዓመት ከተረፉት አንዷ ጀርባዋ ላይ የብር ሳንቲም የምታህል ራቁት ቦታ አላት፤ ልጆቹ «መላጣዋ» ይሏታል። ፀሐይ ሲበረታ ከአጥሩ ጥላ አትወጣም፣ አሁንም ግን እንቁላል ትጥላለች፤ ዛሬ ጠዋትም ከጭዱ ሥር ደብቃው ነው ያገኘሁት።