ትከሻዬ እሺ አይለኝም

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቃሊቲ አካባቢ ባለ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። የምኖረው ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የኮሌጃችን የባህል ውዝዋዜ ቡድን አዲስ አባላት እቀበላለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጥፏል። ልቤ ከተነሳ ቆየ፤ ግን እስክስታ ላይ ትከሻዬ እሺ አይለኝም። የምችለው ጉራጊኛ ብቻ ነው፤ እሱንም ለመስቀል አገር ቤት ስንገባ ከአክስቶቼ ጋር እየጨፈርኩ የለመድኩት ነው። የቡድኑን ልጆች ቲክቶክ ላይ ሳያቸው ደግሞ ሁሉንም ይችላሉ። ልምምዱ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ነው። ነገሩን ሳነሳባት እናቴ "ኮሌጅ የላክሁሽ ለአስረሽ ምቺው ነው?" አለችኝ። ተደብቄ ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?
ሰ. ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ ልጄ፣ ከጻፍሽልኝ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ 1 ሰዓት ላይ ቃሊቲ የሚኖረው የታክሲ ሰልፍ ነው። እሱ ላይ እመለሳለሁ። አንቺ የቸኮልሽው ግን ለጭፈራው ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

"ጉራጊኛ ብቻ" አልሽኝ? እኔ አሠልጣኝ ሳለሁ አዲስ ለመጣ ልጅ ለማስያዝ የሚያስቸግረኝ እሱ ነበር። እስክስታ የሚወርድ ሞልቷል፤ ጉራጊኛ ሲጀመር ግን ዘፈኑ ገና ሳይሞቅ ባቱን ይዞ ጥግ የሚቀመጠው ብዙ ነው። ጉልበት ከፍ ይላል፣ እግር በፊተኛው መዳፍ ያርፋል፣ እጅ ከእግር እኩል ይሄዳል፣ ወገብ ጎንበስ ይላል፤ ይኼ ሁሉ ሲሆን ፊት ላይ ፈገግታው መጥፋት የለበትም። ተረከዝሽ መሬት ላይ መተኛት ከጀመረ ምቱ አምልጦሻል። ከአክስቶችሽ ጋር ግቢ ውስጥ፣ ሣር ላይ፣ በጭብጨባ ብቻ የለመድሽው እግር በቪዲዮ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ለማጣሪያው ቀን "ምን ትችያለሽ?" ሲሉሽ አንገትሽን ሰብረሽ "ጉራጊኛ ብቻ" እንዳትዪ። "ጉራጊኛ" በይና ግቢበት። ሰፋ ያለ ቀሚስ ወይም ሱሪ፣ ከታች ሸራ ጫማ። አዳራሹ ሊሾ ከሆነ ሰውነትሽን ሳታሟሙቂ እንዳትዘዪ፤ የዛሬው የእኔ ጉልበት ምስክር ነው።

አሠልጣኝ በማጣሪያ ቀን የሚያየው ደግሞ አንቺ የምታስቢውን አይደለም። ምት ትይዛለች ወይ? እግሯን ካላየች አትንቀሳቀስም ወይ? አንዴ ሲያርሟት ትታረማለች ወይ? ይኼን ያለፈች ልጅ ሌላውን ትማራለች።

አሁን ትከሻሽ። እሺ የማይልሽ ስለምታስገድጂው ነው። ትከሻ ለማንቀጥቀጥ ስትታገዪ አንገትሽ ይደርቃል፣ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ፣ በመጨረሻ የሚንቀጠቀጠው ክንድሽ ይሆናል። እንዲህ አድርጊ፦ ዘፈኑን ተዪውና የከበሮ ምት ብቻ ክፈቺ፤ ዝግ ያለ ይሁን። እጅሽን ወገብሽ ላይ ያዢ፣ ጉልበትሽን ላላ አድርጊ። በአንድ ምት ትከሻሽን ከፍ፣ በሚቀጥለው ዝቅ። ዝቅ ስትዪ ትንፋሽሽን "እስ!" ብለሽ አውጪው፤ የጎጃም ተወዛዋዦች "እስ እስ" የሚሉት ለማድመቂያ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ትከሻውን የሚፈታው እሱ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድልሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጨምሪ። መስታወት ፊት ቆመሽ ክርንሽ ከትከሻሽ ይበልጥ ከተንቀሳቀሰ አቁሚና እንደገና ጀምሪ። ፍጥነቱ ራሱ ይመጣል፤ አትጥሪው።

"ሁሉንም ይችላሉ" ባልሻቸው ልጆች አትደንግጪ። ቲክቶክ ላይ የምታዪው ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ከተቀረጸው የተመረጠው ነው። የወላይታ ጭፈራ ያለው ወገብ ላይ ነው፤ የሐረርጌው ሸጎዬ አንገት ላይ፤ የሸዋው ረገዳ መሬት በሚመታው እግር ላይ። ትግርኛው በዝግታ እየዞረ ቆይቶ ከበሮው ሲጠብቅ ወደ ትከሻ ይመጣል። ይኼን ሁሉ አጥርቶ የሚችል ተማሪ እኔ አላየሁም። ያየሁት የየአንዳንዱን አንድ እንቅስቃሴ የያዘ ነው፤ ለመድረክ ይበቃል። (በነገራችን ላይ ይኼ በአምስት ደቂቃ አሥር ብሔር የሚያልፍበት ቅንብር መቼ እንደሚለቀን አላውቅም። ልብስ ተቀይሮ ሳያልቅ ዘፈኑ ያልቃል።) አንቺ አንዱን ከነሥሩ ይዘሽ ስለምትገቢ ባዶ እጅሽን አይደለሽም። መጀመሪያ የኋላ መስመር ያቆሙሻል፣ ምናልባትም አጨብጭቢ ይሉሻል። አትከፊ። ጭብጨባው ከላላ ፊት ያሉት ሁሉ ይበተናሉ።

ወደ እናትሽ እንምጣ። መደበቁን ከአሁኑ ተዪው። ቡድኑ ገና በመጀመሪያው ዝግጅት ቪዲዮ ይለቃል፣ ከብሎካችሁ አንዷ ታየዋለች፣ አንቺ ደረጃውን ወጥተሽ ሳትጨርሺ ወሬው እናትሽ ጋ ደርሶ ይጠብቅሻል። ያኔ የምትጣዪው በጭፈራው ሳይሆን በውሸቱ ነው።

ሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ከተመሠረተ፣ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር በ1948 ከተከፈተ ስንት ዘመን ሆነ! እናቶች ግን አሁንም "ዳንኪራ" ይሉታል። በእኛ ጊዜ ቀበሌው የኪነት ቡድን ነበረው፤ ለእሱ ስንሄድም ቤት ውስጥ ይኼው ክርክር ነበር። ሆኖም እናትሽ ለመስቀል አገር ቤት ስትገባ፣ ክትፎው ተበልቶ ጭብጨባው ሲደምቅ ጥግ ይዛ የምትቀመጥ አይመስለኝም። ስለዚህ የጠላችው ጭፈራውን አይደለም፤ የፈራችው ማምሸቱንና ውጤትሽን ነው። ቡና ስታፈላ ጠብቂና "እማዬ፣ ይኼ እርምጃ ልክ ነው?" ብለሽ አሳያት። ሳታርምሽ ካለፈች እኔ ምን አልኩ! ከዚያ የልምምዱን ቀንና ሰዓት፣ የአስተባባሪውን ስልክ ስጫት። በፈተና ሰሞን ልምምድ እንደማትገቢም ራስሽ ቀድመሽ ንገሪያት፤ ቃልሽንም ጠብቂ።

አሁን ታክሲው። 1 ሰዓት ላይ ወጥተሽ ተሰልፈሽ፣ ቱሉ ዲምቱ ወርደሽ፣ እንደገና ሌላ ይዘሽ ኮዬ ፈጬ ለመግባት ስንት ሰዓት ይሆናል? እናትሽ በረንዳ ላይ ቆማ የምታሰላው ይኼንኑ ነው። ደግሞ ዓመቱን ሙሉ 1 ሰዓት ላይ የሚያበቃ እንዳይመስልሽ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ስለነበር የብሔር ብሔረሰቦች ቀን የሚከበረው በዚያ ቀን ነው፤ ጥቅምት ከገባ ጀምሮ "አንዴ ብቻ ከላይ እንድገመው" እየተባለ ይመሻል። ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት አሠልጣኙን ፊት ለፊት ጠይቂ፦ "በእኔ አቅጣጫ የሚሄድ ማን አለ? 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብወጣ ትቀበሉኛላችሁ? ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ አለ ወይ?" በቱሉ ዲምቱ በኩል የሚሄዱ ልጆች ካሉ ከእነሱ ጋር ተያይዘሽ ውጪ። አሠልጣኙ ጥያቄሽን እንደ ቅብጠት ከቆጠረው፣ ሴት ልጅ በምን ትመለሳለች ብሎ የማያስብ ቡድን ይቅርብሽ። ጉራጊኛሽን ይዘሽ ሌላ ዘንድ ትሄጃለሽ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሰበታ ነው የምኖረው። የኮሌጃችን የባህል ቡድን ውስጥ ነኝ። ሁዳዴን እጾማለሁ፤ ቡድኑ ግን ለምረቃ ብሎ በጾሙም ይለማመዳል። ምን ላድርግ?
የሰበታው

መልስ፦ በጾም መጨፈሩን ለነፍስ አባትህ አቅርበው፤ እኔ እዚያ አልገባም። አይሆንም ካሉህ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ለአስተባባሪው ንገረው፤ 55 ቀን ድንገት የሚጠፋ ሰው የሌላውንም ቦታ ያበላሻል። ከፈቀዱልህ የእኔ ጉዳይ ሆድህ ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳትቀምስ ቆይተህ 11 ሰዓት ላይ ባዶ አንጀትህን እንዳትዘል። 9 ሰዓት ላይ ሹሮህን ብላ፣ ውሃህን ጠጣ፣ አረፍ ብለህ ግባ።