ለመስክ ጉዞ ዓባይ ሸለቆና ሶፍ ዑመር ለምትሄጂው እህቴ

እህቴ፣ የሁለተኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪ መሆንሽንና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓባይ ሸለቆና ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ እንደምትሄጂ ገልጸሽ «ምን ልያዝ? ከምንስ ልጠንቀቅ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በተማሪነቴ ሁለቱንም አይቻለሁ።

ስለሚያዘው ባጭሩ፦ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ ባርኔጣ፣ የእጅ ባትሪና በቂ ውኃ። ከሸለቆው አፋፍ ካለችው ከጎሐ ጽዮን ከተማ እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ስለሆነ፣ ጠዋት ሹራብ ያስለበሰሽ አየር ታች ስትደርሺ ያቃጥላል።

ዋናው ደብተርሽ ነው። ያየሽውን እዚያው አለቱ ሥር ቆመሽ ጻፊ። እኔ ባዛልቱን (ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰውን ጥቁር አለት) እና የኖራ ድንጋዩን አልፈን ነጣ ያለ ንብርብር ጋ ስንደርስ ሙቀቱ በርትቶብኝ ጥላ ፈልጌ ተቀመጥሁ። ማታ ሆቴል ገብቼ «የኖራ ድንጋይ» ብዬ ጻፍሁ። በማግስቱ መምህራችን ከዚያው ንብርብር የተወሰደ ቁራጭ ሰጡኝና «በጥፍርህ ፋቀው» አሉኝ። ነጭ ዱቄት ጥፍሬ ሥር ገባ። የኖራ ድንጋይ ቢሆን አሲድ ጠብ ሲልበት አረፋ ይደፍቅ ነበር፤ ያ ግን ዝም አለ። ጂፕሰም ነው፤ የባሕር ውኃ እየተነነ ያስቀረው። በአንድ ቃል ስሕተት የአንድ ባሕር ድርቀት ከደብተሬ ጠፍቶ ነበር! ደግሞም ስትወርጂ ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንደምታነቢ አትርሺ፤ ላይ ያለው ባዛልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ታች ያለው «የአዲግራት» የሚባለው የአሸዋ ድንጋይ ከዳይኖሰሮች ዘመን ነው።

ባሌ ውስጥ ያለው ሶፍ ዑመር ደግሞ ወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ የቦረቦረው፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ ነው። ሁሉም ዓምዶቹን ቀና ብሎ ሲያይ አንቺ የመተላለፊያዎቹን አቅጣጫ በኮምፓስ ለኪ፤ ውጭ ገደሉ ላይ ካሉት ስንጥቆች ጋር አስተያዪው። ውኃው መንገዱን ያገኘው በእነዚያ ስንጥቆች ነው። ይህን በራሴ ልኬት ሳረጋግጥ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ዋሻው በሼህ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራ፣ ሙስሊሞች የሚዘይሩት ቅዱስ ስፍራ ስለሆነ አለት መስበሪያ መዶሻሽ ከቦርሳ አይውጣ። ያለ አካባቢው መሪዎች አትግቢ፤ ላይኛው አገር ዝናብ ከጣለ «አይሆንም» ሲሉ እሺ በያቸው። እርሳስሽንም በክር ከደብተርሽ ጋር እሰሪው፤ ወንዙን ስንሻገር የጓደኛዬን እርሳስ ውኃ ወስዶበታል።