ሜታሊካ 50ኛ ዓመቱን እንዴት ያከብር ይሆን?

የአሜሪካው የሄቪ ሜታል ሙዚቃ ቡድን ሜታሊካ በ2031 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) 50ኛ ዓመቱን ሲይዝ ዓለምን የሚያዳርስ የኮንሰርት ጉዞ ያደርጋል ወይስ በጥቂት ምሽቶች ይወሰናል ብለው ለጠየቁት፣ ያለፉት በዓሎች ጥሩ ፍንጭ የሚሰጡ ይመስለኛል። ቡድኑ 30ኛ ዓመቱን በ2011 መጨረሻ ያከበረው ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ፊልሞር በተባለ አነስተኛ አዳራሽ ለአራት ምሽት በመጫወት ሲሆን፣ በ1983 ከቡድኑ የተሰናበተው ጊታሪስት ዴቭ ምስቴይን ሳይቀር መድረክ ላይ ወጥቶ አብሯቸው ተጫውቷል፤ ይህ እርቅ ዛሬም ልቤን ይነካዋል። 40ኛውንም በ2021 በዚያው ከተማ በሁለት ምሽት አክብረዋል። ስለዚህ ዋናው ዝግጅት እንደገና እዚያው እንደሚሆን እገምታለሁ።

ከዚያ የሚከተል ጉዞ ካለ ግን አጭር ሊሆን ይችላል። ድምፃዊውና ጊታሪስቱ ጄምስ ሄትፊልድም ሆነ ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክ የተወለዱት በ1963 ስለሆነ በዚያ ጊዜ ወደ 70 ይጠጋሉ፤ የ1980ዎቹ ፈጣን ዘፈኖች ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያደክሙት ከበሮ መቺውን ነው። በ2023 አምስተርዳም ላይ በጀመሩት ጉዞ በአብዛኞቹ ከተሞች ሁለት ምሽት እየተጫወቱ በመካከሉ ማረፋቸው ይህን አቅም የማመጣጠን ዘዴ ይመስለኛል፤ በ2031ም የሚቀጥሉበት ይመስለኛል።

ስለ ዘፈኖቹ ምርጫ፣ በቡድኑ ስም የተሰየመው የ1991 አልበም በዚያው ዓመት 40 ዓመት ይሞላዋል። በ2012 አውሮፓ ውስጥ ከመጨረሻው ዘፈን ጀምረው ሙሉውን ስለተጫወቱት፣ እንደገና ሙሉውን ቢያቀርቡት አይደንቀኝም።