ስለ ስትሮክ ምልክቶችና ስለ ሕክምናው ሰዓት፦ ለተነሣው ጥያቄ ከገጠመኝ የምመልሰው

ጠያቂያችን የጻፉት በአጭሩ ይህ ነው። አጎትዎ አፋቸው ጥቂት ዘንበል ብሎና ምላሳቸው ከብዷቸው አድረው በማግሥቱ ሆስፒታል ቢደርሱ «የመጀመሪያው ሕክምና ሰዓቱ አልፏል» ተባሉ፤ ጎረቤትዎ ግን ገበያ መሀል ወድቀው ወዲያው ተረባርበው አሳከሟቸው። ሁለቱም ስትሮክ (የአንጎል የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ደም ሲፈስ ድንገት የሚመጣ ሕመም) ከሆነ የምልክቱ ዓይነት ሕክምናው የሚጀመርበትን ሰዓት ይለውጣል ወይ፣ ከረፈደ በኋላስ መከታተሉ ምን ይረባል ብለዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ደምበጫ አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ መምህር ነኝ። ነገር ግን በሦስት ዓመት ልዩነት አጎቴንና እናቴን በዚሁ ሕመም አስታምሜያለሁ፤ ያን ጊዜ ሐኪሞች ያስረዱኝንና ከዚያ ወዲህ እያነበብሁ የተማርሁትን አካፍላለሁ።

የአጎቴ በ2011 ዓ.ም. ነበር። አውድማ ላይ ጤፍ ሲያስወቃ ድንገት «ራሴን!» ብሎ ጮኸ፣ አስመለሰው፣ ተዘረረ። ማንም «እስቲ ትንሽ እንየው» አላለም። ጎረምሶቹ ቃሬዛ አበጅተው እየተቀባበሉ ወደ አስፋልቱ አወጡት፤ የተገኘው መኪና ተለምኖ ከወደቀ ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ሆስፒታል ገባ፤ እዚያም ራሱን የሳተ ሰው ስለሆነ ወረፋ የሚባል ነገር አልገጠመውም፣ በቀጥታ ሲቲ ስካን (የአንጎል ምስል) ተነሣ።

የእናቴ በ2014 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም ነው። ከቅዳሴ መልስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ቡና እያፈላች ነበር፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ስኒውን በግራ እጇ አንሥታ ልታቀብለኝ ስትል ስኒው ቀስ ብሎ ዘመመና ቡናው ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ቡና መፍሰሱስ ያጋጥማል፤ የሚገርመው እርሷ መፍሰሱን አለማየቷ ነው። ስኒው ሞልቶ እንዳለ ሁሉ እጇን ዘርግታ ጠበቀችኝ። ነጠላዋም ከግራ ትከሻዋ ወርዶ መሬት ሲነካ እንደ ልማዷ አላነሣችውም። «እምዬ፣ ደኅና ነሽ?» ብላት «ምን ሆንሁ? ጾሙ ነው እንጂ» አለችኝ፤ አነጋገሯም ጥርት ያለ ስለነበር አመንኋት። ጎረቤታችን መጥታ የአፏን ጠርዝ ስታይ «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ አሽታ አሸተተቻት፤ እኛም ሌሊቱን በሰላም ተኛን። ሲነጋ ልትነሣ ብትሞክር ግራ እግሯ አልታዘዝ አላት።

በዚያች ጎረቤታችን አልፈርድም። በእኛ አገር ፊት ሲጣመም ምች የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የፊት ነርቭ ብቻውን ሲታመምም ፊት ይጣመማል፤ ያኛው ሰውን አይገድልም፣ ብዙውን ጊዜም በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻላል። ስለዚህ ብዙ ሰው በዳማ ከሴ «ድኖ» አይቷል። በፊት ነርቭ ሕመም ብዙውን ጊዜ ግንባርም ጭምር አልንቀሳቀስ ይላል፣ ዐይንም አልከደን ይላል፤ በስትሮክ ግን ግንባር አብዛኛውን ጊዜ ይተርፍና የአፍ ጠርዝ ይወርዳል፣ ክንድ ይዝላል፣ ንግግርም ይጎተታል። ይህን የምጽፈው ቤት ውስጥ ተቀምጠን እንድንመረምር አይደለም፤ ስትሮክ ይሁን አይሁን የሚለየው እዚያው ሐኪም ዘንድ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ አዎን፣ የምልክቱ ዓይነት ሕክምናው የሚጀመርበትን ሰዓት በእጅጉ ይለውጣል። በተዘጋው የደም ሥር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ምልክቱ ቀላል ነው ብሎ አይጠብቅም፤ በአንድ ትልቅ የደም ሥር መዘጋት በአማካይ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ተሰልቷል። የሚዘገየው ሰው ነው። አብዛኛው በረጋ ደም የሚመጣ ስትሮክ አያምም፤ ሕመም የሌለው ነገር ደግሞ ማንንም ከአልጋው አያስነሣም። በአብዛኛው ሰው ንግግርን የሚያዘው የአንጎል ግራ ክፍል ስለሆነ፣ ጉዳቱ በዚያ በኩል ሲሆን ቀኝ እጅ ከመዛሉ ጋር አንደበት ይያዛል፤ ይህንን ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማል። ጉዳቱ በቀኝ ክፍል ሲሆን ግን በሽተኛው የገዛ ግራ ጎኑን እስከ መርሳት ይደርሳል፣ መታመሙንም ይክዳል። እናቴ «ምን ሆንሁ?» ያለችኝ ልታጽናናኝ አልነበረም፤ በእውነት አልታወቃትም ነበር። ከሁሉ የሚያታልለው ደግሞ በኋለኛው የአንጎል ክፍል የሚመጣው ነው፤ ማዞር፣ ማስመለስ፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት፣ እንደ ሰከረ መንገዳገድ ስለሆነ፣ በእኛ ሰፈር ጨጓራ ነው፣ ወባ ነው፣ ሲብስም አረቄ ነው ተብሎ ይታለፋል።

መዘግየቱ በሆስፒታል በር ላይም አያበቃም። እናቴን መጀመሪያ ያደረስንበት የሕክምና ተቋም ተቀምጣ ስለምታወራ ከአንድ ሰዓት በላይ ካርድ ለማውጣት ተሰለፍን። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ መስኮቱ ላይ ስጠየቅ «አመማት» ብቻ አልሁ። «ድንገት የጀመረ የግራ ጎን መዛልና የአፍ መጣመም ነው፤ ስትሮክ እንዳይሆን ሠግተናል» ብል ኖሮ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወስዱን ነበር። ሪፈር ተጽፎልን ሲቲ ስካን ካለበት ስንደርስ የመጀመሪያው የሐኪሙ ጥያቄ «ለመጨረሻ ጊዜ ፍጹም ጤነኛ ሆነው ያያቸው ማን ነው? በስንት ሰዓት?» የሚል ሆነ። እኔ «ዛሬ ጠዋት ነው የጀመራት» ብዬ መለስሁ። አብራን የመጣችው የእኅቴ ልጅ፣ ያን ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ፣ «ትናንት ቡናው ሲፈስ እኮ አያቴ አላየችውም» አለች። ሐኪሙ ብዕሩን አቁሞ ወደ እርሷ ዞረ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ምልክቱ ከጀመረበት፣ ያም ካልታወቀ በሽተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ ከታየበት እንጂ እኛ ከደነገጥንበት አይደለም። ተኝቶ ሲነቃ የታመመ ሰውም ከመኝታው ሰዓት ጀምሮ ይቆጠርበታል፤ በላቀ የአንጎል ምስል አጣርተው የሚያክሙ ቦታዎች በውጭ አገር ቢኖሩም።

ይህ ሁሉ ስለ ሰዓት የሚነሣው የረጋ ደም በሚያሟሟው መድኃኒት ምክንያት ነው። አልቴፕሌዝ ይባላል። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው ጥናት ምልክቱ በጀመረ በ3 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሲሰጥ እንደሚጠቅም አሳየ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ጥናት ይህን ወደ 4 ሰዓት ተኩል አራዘመው። በዚያም ውስጥ ቢሆን ቀድሞ የደረሰው የበለጠ ይጠቀማል። የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ገብቶ ማውጣት ደግሞ በአብዛኛው እስከ 6 ሰዓት፣ በምስል ለተመረጡ ሰዎች እስከ 24 ሰዓት ይሠራል። በአገራችን እነዚህ በየሆስፒታሉ የሚገኙ አይደሉም፤ ይህን ሳልናገር ብቀር እዋሽዎታለሁ።

አሁንም የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። ሁላችን የሮጥንለት አጎቴ ሲነሣ የተገኘው ደም መፍሰስ ነበር፤ ለእርሱ ያ መድኃኒት መርዝ ነው፣ የታከመውም ግፊቱን በማውረድና በቅርብ በመከታተል ነው። ደም የረጋባት እናቴ ደግሞ ከ18 ሰዓት በኋላ ነው የደረሰችው። ስለዚህም ነው ከሲቲ ስካን በፊት ቤት ውስጥ አስፕሪን መስጠት የማይገባው፤ ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አይለዩምና። ውኃም፣ ጠበልም፣ ቡናም ቢሆን መዋጥ መቻሉ ሳይታይ በአፉ አይሰጠው፤ ትን ብሎ ወደ ሳንባ ይገባል። ወደ ጠበል መውሰድ የሚፈልግ ቤተሰብ ከሐኪም መልስ ሊወስድ ይችላል፤ እኛም እንደዚያ አድርገናል። በመንገድ ላይ በጎኑ አስተኝቶ መሄድ፣ የሚወስደውን መድኃኒት መያዝ፣ ስኳሩን የሚለካ ጤና ጣቢያ በመንገድ ካለ ማስለካት ነው፤ የስኳር መውረድ ስትሮክን ይመስላልና። ሰዓቱንም እጅ ላይ በእስክርቢቶ ይጻፉት።

ምልክቱ መጥቶ በሩብ ሰዓት ቢጠፋስ? እናቴ ከሁለት ሳምንት በፊት ጣቶቿ ደንዝዘው እንደ ተመለሱላት የነገረችን ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ሙሉ ስትሮክን ሊያስከትል የሚችልበት ዋናው ጊዜ በተለይ ተከታዮቹ ሁለት ቀናት ስለሆኑ «ተሻለኝ» ያለው ሰው በዚያው ቀን መታየት ይኖርበታል።

አጎትዎን በተመለከተ፣ አለፈ የተባለው ያ አንድ መድኃኒት የሚሰጥበት ሰዓት እንጂ ሕክምናው አይደለም። እናቴ ዘግይታ ደርሳም ደም መፍሰስ አለመኖሩ ከታየ በኋላ አስፕሪን ተጀመረላት፤ የመዋጥ ችሎታዋ ተመረመረ፣ ግፊቷና ስኳሯ ተስተካከለ፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ደግሞ ፊዚዮቴራፒስት አቆማት። አሁን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ስኒውንም በቀኝ እጇ ታቀብላለች። ስለዚህ ቀጠሯቸውን አያስቀሩባቸው፤ የልብ ምታቸው መዛባት እንዳለበት በኢሲጂ (የልብ ምት በሚመዘግበው ምርመራ) ታይቶ እንደሆነም ይጠይቁ፣ ካለበት የሚሰጠው መድኃኒት ሌላ ስለሆነ።