የእናቴ ጉልበትና የቫይታሚን ዲ ወረቀት

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ገጠር ትኖራለች። ጉልበቷን ካመማት ሦስት ዓመት አልፏል። ቁልቁለት ስትወርድና ስትሰግድ ይብስባታል። ከተማ አምጥቼ ሳስመረምራት ቫይታሚን ዲ 17 ነው፣ አነሰ ተባለ። ባለ 50 ሺህ ዩኒቱን እንክብል በሳምንት አንድ እያለች ለ8 ሳምንት ዋጠች። ጉልበቷ ግን ያው ነው። አሁን መድኃኒት ቤት ስጠይቅ «በመርፌ የሚሰጠው ይሻላታል» አሉኝ። ላስወጋት? ደግሞስ ፀሐይ ስትሞቅ የምታረፍድ ሴት ይህ ቫይታሚን እንዴት ያንሳታል? የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች።

መልስ፦ መርፌውን ይተዉት። የጎደለውን መሙላት ተገቢ ነበር፣ ሞልተውታልም። ጉልበቷ ግን የሚያማት በሌላ ምክንያት ይመስለኛል።

አስቀድመው ወረቀቱን እንደገና ያውጡና ከ17 ቀጥሎ የተጻፈውን መለኪያ ይመልከቱ። ናኖግራም ከሆነ መጠነኛ እጥረት ነው፤ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ የምንለው ከ20 በታች ሲሆን ነው። ናኖሞል ከሆነ ግን ለ2.5 ሲካፈል ወደ 7 ናኖግራም ይወርዳል፤ ያ ከባድ እጥረት ስለሆነ ነገሩ ይለወጣል። አንዱን ወረቀት በሌላው መለኪያ አንብቦ የደነገጠም፣ የተዘናጋም ሰው አይቻለሁ።

ስለ ፀሐዩ የጠየቁት ብዙ ሰው የሚገርመው ነገር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ደካማ አይደለችም። ችግሩ የምንሞቅበት ሰዓትና አለባበሳችን ነው። እናትዎ የሚሞቁት ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሻሽ አስረው፣ ጋቢ ደርበው ይመስለኛል፤ ብርዱን ለሚያውቅ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን የሚያሞቀን ጨረርና ቫይታሚኑን የሚሠራው ጨረር አንድ አይደሉም። ጠዋት ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ስለምትመጣ ሁለተኛው ጨረር አየሩ ውስጥ ተጣርቶ ይቀራል። ምልክቱ ጥላ ነው፦ ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ ጨረሩ አለ ማለት ነው፤ በእኛ አገር ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነው። በዚያ ሰዓት ክንድና ባት ገልጦ ለሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ መቀመጥ ይበቃል፤ በመስኮት መስታወት በኩል ከሆነ ግን አይሠራም። የአዛውንት ቆዳ ደግሞ ከወጣት ቆዳ ግማሹን ያህል እንኳ አያመርትም። ከምግብ የሚገኘው ጥቂት ነው። ጾሙን ፈተው እንቁላል ይብሉ ብዬ አላስጨንቃቸውም፤ አንድ እንቁላል የሚሰጠው 40 ዩኒት ገደማ ሲሆን በእርሳቸው ዕድሜ በቀን የሚያስፈልገው 600 ነው፤ ከ70 ዓመት በኋላ ደግሞ 800።

አሁን ወደ ጉልበቱ። ቫይታሚን ዲ በጣም ሲጎድል የሚያመው መገጣጠሚያው ሳይሆን አጥንቱና ጡንቻው ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ይሞክሩ። እናትዎ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ሳይደገፉ ይነሱ እንደሆነ ይዩ። ቀጥሎ የቅልጥማቸውን የፊት አጥንት በአውራ ጣትዎ ጫን ይበሉት። ጭናቸው አቅም አጥቶ መነሳት ካቃታቸው፣ አጥንቱ ሲነካ ካመማቸው፣ ሲሄዱም ግራና ቀኝ የሚወዛወዙ ከሆነ አጥንታቸው መልፈስፈስ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል የካልሲየም፣ የፎስፌትና የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ቁልቁለትና ስግደት የሚያባብሰው፣ ሲያርፉ የሚተው ሕመም ግን ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የመገጣጠሚያ መሸርሸር ነው።

ሁልጊዜ የምጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለችኝ፦ ጠዋት ሲነሱ የተሳሰረው ጉልበት የሚፈታው መቼ ነው? አቦል ሳይቀዳ ከተፈታ መሸርሸሩ ነው። በረካው ተጠጥቶም ካልተፈታ፣ የእጅ ጣቶችም ካበጡ ሌላ ዓይነት የመገጣጠሚያ ብግነት ስለሆነ ቶሎ መታየት አለበት።

ለተሸረሸረ ጉልበት ቫይታሚን ዲ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ጉልበታቸው የተሸረሸረና ቫይታሚናቸው ያነሰ 413 ሰዎች ተካፍለዋል፤ ለሁለት ዓመት በየወሩ 50 ሺህ ዩኒት የወሰዱት፣ ባዶ እንክብል ከወሰዱት በተሻለ ሁኔታ ሕመማቸው አልቀነሰም። በመርፌም ሆነ በአፍ፣ ብዙውን በአንዴ መስጠትም ያሳስበኛል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ሌላ ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶች በዓመት አንዴ 500 ሺህ ዩኒት በአፍ ሲሰጣቸው፣ መውደቅና መሰበር ጨመረባቸው እንጂ አልቀነሰላቸውም። እንግዲህ እናትዎ ስምንቱን ሳምንት ጨርሰዋልና በቀን 800 ወይም 1,000 ዩኒት ይቀጥሉ፤ ከሦስት ወር በኋላ አንዴ ብንለካው በቂ ነው። በዚህ መሃል ጥማት፣ የሆድ ድርቀት፣ ሽንት መመላለስ ወይም መዘባረቅ ከመጣ መድኃኒቱን አቁመው ይምጡ፤ ካልሲየም በዝቶ ሊሆን ይችላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን የግፊት ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ይህ በይበልጥ ያሰጋል።

ጉልበቱን የሚረዳው የጭን ጡንቻ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ እግራቸውን ቀጥ አድርገው ያንሱ፣ እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ያውርዱ፤ በየእግሩ አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ሲተኙ ደግሞ ጋቢ ጠቅልለው ከጉልበታቸው ሥር አድርገው ወደ ታች ይጫኑት። ለውጡ የሚታየው ከስድስት ሳምንት በፊት አይደለምና በሁለተኛው ሳምንት እንዳይተዉት። ምርኩዙን በሚያመው እግር በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ይያዙ፤ አብዛኛው ሰው የሚይዘው ተገላቢጦሽ ነው። ዱካውን ለከፍ ያለ ወንበር ይለውጡላቸው። ስግደቱን ለጊዜው ቆመው ጎንበስ በማለት ቢያደርጉት ጉልበታቸው ያርፋል፤ ይህን እኔ ከምነግራቸው የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሰማሉ።

ለሕመሙ የዲክሎፌናክ ቅባት ጥሩ ነው። ክኒኑንና መርፌውን ግን ያለ ሐኪም አይስጧቸው፤ ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራ ያደማል፣ ከግፊት መድኃኒት ጋር ተደርቦም ኩላሊት ይጎዳል። በየገበያው «ለቁርጥማት» እየተባለ የሚዞረው ስም የለሽ ክኒንም ከዚሁ ይቆጠራል።

አንዱ ጉልበት ድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ካለው በዚያው ቀን ያምጧቸው። የወገብ ሕመም ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣም አይቆዩ፤ በተለይ ጥሬ ወተት የሚጠጡ ከሆነ፣ ከከብትና ከበግ የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ «ብርድ ነው» ተብሎ ወራት ሲያልፈው አያለሁ።

ሲመጡ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ፤ ጎረቤት ያካፈላቸውን ጭምር።