ቀስ ብሎ የሚወረውረው ራሺድ ለምን ይፈራል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ባህር ዳር ተማሪ ነኝ። ማታ ማታ ጣና ዳር ሻይ ቤት ከህንዳዊው መምህራችን ጋር በስልኩ ክሪኬት (አንዱ ኳስ ወርውሮ ሌላው በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ) እናያለን፣ እና እንግሊዛዊው አዲል ራሺድ ኳሱን ቀስ አድርጎ እየወረወረ ሁሉም ይፈሩታል፣ ለምንድነው?

መልስ፦ ወንድሜ ቀስ ማለቱን አትናቀው። ራሺድ የሚወረውረው ሌግ ስፒን የሚባለውን ነው፣ ኳሷ በእጅ አንጓ ነው የምትሾረው፣ እናቶቻችን እንዝርት ሲያሾሩ አይተህ የለ፣ እንደዛ በለው፣ ኳሷ መሬት ነክታ ስትነሳ ከቀኝ እጅ መቺው እግር በኩል ወደ ውጪ ትታጠፋለች። ጉግሊ የምትባለው ደግሞ ያቺኑ መስላ መጥታ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ መቺው ከወርዋሪው እጅ ላይ ካላነበባት አለቀለት።

ራሺድ የብራድፎርድ ልጅ ነው፣ በ1988 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ተወለደ፣ በ18 ዓመቱ ለዮርክሻየር ክለብ መጫወት ጀመረ። እኔን የሚገርመኝ ግን 2015 ነው፣ አቡዳቢ ላይ ከፓኪስታን ጋር የመጀመሪያ ቴስቱን (ለቀናት የሚዘልቀውን ረጅሙን ጨዋታ) ሲጫወት 163 ራን (ነጥብ) ተቆጠረበት፣ አንድም ዊኬት የለም፣ ማለት አንድም መቺ አላስወጣም! ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ይደፋ ነበር፣ እሱ ግን እዛው ጨዋታ ላይ በሁለተኛው ኢኒንግ (የመምታት ዙር) በ64 ራን 5 ሰው አስወጣ። ቴስት 19 ብቻ ነው የተጫወተው፣ በኔ እምነት ብዙ ይገባው ነበር።

በአጫጭሩ ጨዋታ የ2019 የዓለም ዋንጫንም የ2022 ቲ20 (የአጭሩ ዓይነት) የዓለም ዋንጫንም በልቷል፣ በ2022ቱ ፍጻሜ የፓኪስታኑን ካፒቴን ባባር አዛምን በጉግሊ አታሎ ኳሱን ራሱ ቀልቦ አስወጣው። መምህራችሁን ጉግሊዋን በቴኒስ ኳስ አሳየን በሉት፣ አስፋልት ላይም ትታጠፋለች።